«ነርቭ ነው» ምርመራ አይደለም

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው። አንዲት የልብስ ስፌት ሠራተኛ ቀኝ እጇ ደንዝዞ ከእንቅልፏ ትነቃለች። አውራ ጣቷ፣ ሌባ ጣቷና መሀል ጣቷ ይለበልቧታል። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እጇን ታራግፋለች፤ ትንሽ ሲለቃት ተመልሳ ትተኛለች። ነገሩ ወር ሲሞላው ከአለቃዋ ፈቃድ ለምና ጤና ተቋም ትሄዳለች። ካርድ ታወጣለች፣ ግማሽ ቀን ወረፋ ትጠብቃለች፣ ተራዋ ሲደርስ ሦስት ደቂቃ ትቀመጣለች። ከዚያ የታወቀው ፍርድ ይሰጣል፦ «ነርቭ ነው»። የህመም ማስታገሻ፣ የቫይታሚን ቢ መርፌና የሚቀባ ነገር ይታዘዝላታል። በማግስቱ ወደ ማሽኗ ትመለሳለች።

ይህች ሴት በስም የምትጠራ አንድ ሰው አይደለችም። በኢንዱስትሪ ፓርክ ትገኛለች፣ ሹሩባ ቤት ትገኛለች፣ ሰው ቤት በእጇ ብርድ ልብስ ስትጨምቅ ትገኛለች። ቤይሩትና ሪያድ ከርማ እጇን ታቅፋ የተመለሰችውም እሷው ናት። ወንድም ስትሆን ድንጋይ ጠራቢ ወይም ፌራዮ ናት።

ሦስት ጥያቄዎች ሳትጠየቅ ወጥታለች። የትኞቹ ጣቶች ናቸው የሚደነዝዙት? በስንት ሰዓት ይብሳል? እጅሽ ቀኑን ሙሉ ምን ሲሠራ ይውላል? እነዚህ ጥያቄዎች ላቦራቶሪ አይፈልጉም፣ መብራት አይፈልጉም፣ የውጭ ምንዛሪ አይፈልጉም። ሆኖም አልተጠየቁም። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። እሷ ግን አልደበቀችም። የጠየቃት ጠፍቶ ነው።

◾ ስም መስጠትና መመርመር

«ነርቭ ነው» የሚለው ቃል ምርመራ ይመስላል። ሳይንስ ሳይንስ ይሸታል፤ ታማሚዋም «ስሙ ታወቀልኝ» ብላ ትጽናናለች። ነገር ግን ቃሉ የሚናገረው አንዳች ነገር የለም። መኪናው ቆሞ ሜካኒኩ «ሽቦ ነው» ቢል ባለመኪናው «የትኛው ሽቦ? የት ላይ?» ብሎ ይጮሃል። ለእጁ ግን አይጮህም።

ወደ እጅ የሚወርዱት ነርቮች ከአንገት አጥንቶች መካከል ይወጣሉ፣ በትከሻ ሥር ያልፋሉ፣ በክርን ይታጠፋሉ፣ በእጅ አንጓ ጠባብ መንገድ ሾልከው ጣት ላይ ይደርሳሉ። በዚህ መንገድ ላይ የትም ቦታ ሊጨፈለቁ ይችላሉ። የሚያስደንቀው ጣቶቹ ራሳቸው የጉዳቱን አድራሻ መናገራቸው ነው።

አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ መሀል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ ደንዝዘው ሌሊት የሚቀሰቅሱ ከሆነ፣ ታማሚውም እጁን ሲያራግፍ የሚሻለው ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እጅ አንጓ ላይ ያለው መጨፍለቅ ነው፤ ሐኪሞች ካርፓል ተነል ይሉታል። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ሌላው ግማሽ ከሆኑ ዓይን ወደ ክርን መሄድ አለበት። ህመሙ ከአንገት ተነሥቶ በክንድ እየወረደ፣ አንገት ሲዞር ወይም ወደ ኋላ ሲቀና የሚብስ ከሆነ ነገሩ ከአንገት ነው። ምንም ሳይደነዝዝ በአውራ ጣት ሥር፣ አንጓው ጠርዝ ላይ፣ ሕፃን ሲያነሱ ወይም ጨርቅ ሲጨምቁ የሚወጋ ከሆነ ደግሞ ነርቭ ጭራሽ የለበትም፤ የቆሰለው ጅማት ነው። የስዊዘርላንዱ ቀዶ ሐኪም ፍሪትዝ ደ ኬርቫን ይህንን እ.ኤ.አ. በ1895 ጽፎታል። ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ አልፎት ዛሬም «ነርቭ ነው» ይባላል።

«ሪህ ነው»፣ «ብርድ ነው»፣ «ምች መትቶህ ነው» የሚባሉትም የዚሁ ቃል ወንድሞች ናቸው። ሪህ እውነተኛ በሽታ ነው፤ መገጣጠሚያ ያሳብጣል፣ ጠዋት ጠዋት እጅን አስሮ ይይዛል፣ በደም ምርመራም ይታገዛል። ያበጠ መገጣጠሚያ ሳይነካና ሳይታይ «ሪህ» ማለት ግን ስም ማውጣት ነው። ስም ለማውጣት ክርስትናው አለ።

◾ መርፌው የሚሠራውና የማይሠራው

ቫይታሚን ቢ12 ለጎደለው ሰው እውነተኛ መድኃኒት ነው። ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰደ የስኳር ታማሚ ሊጎድለው ይችላል፣ የጨጓራ ችግር ያለበትም እንዲሁ። ያልጎደለው ሰው ላይ የተጨፈለቀን ነርቭ አይፈታም። ገመድ የታነቀን ሰው ማር ማጉረስ ማለት ነው። ይባስ ብሎ በእነዚህ የቫይታሚን ቢ ድብልቆች ውስጥ የሚገኘው ቢ6 በከፍተኛ መጠን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ነርቭን የሚጎዳና እጅ እግር የሚያደነዝዝ መሆኑ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ በሕክምና ጽሑፎች የታወቀ ነው። ለመደንዘዝ የታዘዘው መርፌ መደንዘዝ ሊያመጣ ይችላል ማለት ነው፤ ታዲያ ማን ይለየዋል? መጀመሪያውንም ምክንያቱ አልተጠየቀም።

ዳይክሎፌናክም እንደ ከረሜላ ይቃማል። ለጥቂት ቀን ይረዳል። ለወራት ሲሆን ጨጓራ ያደማል፣ ደም ግፊት ያንራል፣ ኩላሊት ይጎዳል። ማስታገሻ ማለት ስሙ እንደሚለው ማስታገሻ ነው። ነርቩ በዚያ ሁሉ ጊዜ እየታነቀ ይቆያል። በመጨረሻ በአውራ ጣት ሥር ያለው የመዳፍ ሥጋ ይሟሽሻል፣ ሴትዮዋ ቁልፍ መቆለፍና መርፌ መያዝ ያቅታታል። ከዚህ ደረጃ ከደረሰ በኋላ ቀዶ ሕክምና እንኳ ሥጋውን ሁልጊዜ አይመልሰውም።

ቀድሞ ቢታወቅስ? ሌሊት አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ፣ ሥራውን ማሻሻል፣ አስፈላጊ ሲሆን አንጓው ላይ የሚሰጥ መርፌ፣ ካልሆነም በአካባቢ ማደንዘዣ የሚሠራ አጭር ቀዶ ሕክምና አለ። ልዩነቱ ሙያዋን ይዛ መኖርና ሙያዋን ማጣት ነው።

◾ ሌላው ጫፍ፦ ኤምአርአይ

ገንዘብ ያለው ሰው ከዚህ ያመለጠ ይመስለዋል። አያመልጥም፤ እሱን የሚጠብቀው ሌላ ወጥመድ ነው። የግል ተቋም ይገባል፣ እጁን ማንም ሳይነካው አንገቱን ኤምአርአይ ይነሣል። ውጤቱ «ዲስክ ወጥቷል» ይላል። ሰውየው አንገቱን በድጋፍ አስሮ፣ ትራሱን ጥሎ፣ ቀዶ ሕክምና ፈርቶ ይቀመጣል።

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የጃፓን ጥናት ምንም ህመም የሌላቸውን 1,211 ሰዎች አንገት በኤምአርአይ አይቶ ነበር። ከእነሱ 87.6 በመቶው ላይ የወጣ ዲስክ ታይቷል። እነዚህ ጤነኞች ናቸው! ስለዚህ የእጅ አንጓው የታነቀ ሰው አንገቱ ቢነሣ የወጣ ዲስክ «ይገኝበታል»፤ ጎረቤቱም ቢነሣ ይገኝበታል። ፎቶው ትርጉም የሚኖረው የታማሚው ታሪክና የእጁ ምርመራ ወደዚያ ሲጠቁሙ ብቻ ነው። ጥያቄ ሳይኖር የተገዛ መልስ ውድ ብቻ ሳይሆን አሳሳች ነው።

በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ሁለቱን አንጓዎች አጥፎ አንድ ደቂቃ መያዝና ጣቶቹ ይደነዝዙ እንደሆነ መጠየቅ፤ አንጓው ላይ በጣት መታ መታ ማድረግ፤ የአውራ ጣትን ጉልበት መፈተን፤ የሁለቱን መዳፎች ሥጋ ማነጻጸር፤ አንገትን ማዞር፤ ክርንን መዳሰስ። ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ነርቭ መልእክት የሚያስተላልፍበትን ፍጥነት የሚለካው መሣሪያ በጥቂት ትልልቅ ተቋማት ብቻ ነው የሚገኘው፤ የሐኪም ጣት ግን በየጤና ጣቢያው አለ።

◾ ክርን መዳሰስ ለምን ያስፈልጋል?

በኢትዮጵያ ክርንን ሳይነኩ ማለፍ የተለየ ዋጋ ያስከፍላል። የሥጋ ደዌ አልጠፋም። አዲስ አበባ የሚገኘው አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው ለዚሁ በሽታ ነበር፤ ዛሬም አገሪቱ በየዓመቱ አዳዲስ ሕሙማን ትመዘግባለች። በሽታው ከሚወዳቸው ቦታዎች አንዱ በክርን ጀርባ የሚያልፈው ነርቭ ነው። ነርቩ ይወፍራል፣ በጣት ሲዳሰስ እንደ ገመድ ይሆናል፤ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ይደነዝዛሉ፣ ኋላም ይቆለመማሉ። ቆዳ ላይ ቀለሙ የነጣና ስሜት የሌለው ምልክት ይኖራል።

መድኃኒቱ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል በነፃ ይሰጣል። ይድናል። የተቆለመመ ጣት ግን ዘግይቶ አይቃናም። እንግዲህ አንድ ገበሬ ጣቱ ደንዝዞ መጥቶ፣ እጅጌው ሳይገለጥ፣ ክርኑ ሳይዳሰስ፣ «ነርቭ ነው» ተብሎ መርፌ ተወግቶ ቢሸኝ፣ ቃሉ እኮ ውሸት አይደለም፤ በእርግጥም ነርቭ ነው! እጁን ያሳጣው ግን ይኸው እውነት የሚመስል ቃል ነው።

«ስኳር ነው» የሚለውም እንዲሁ ነው። ስኳር ነርቭን ሲጎዳ በአብዛኛው ከእግር ይጀምራል። እግሩ ደህና ሆኖ እጁ ብቻ የደነዘዘ የስኳር ታማሚ አንጓው መታየት አለበት፤ ስኳር ያለበት ሰው ለካርፓል ተነልም የበለጠ የተጋለጠ ነውና። ነፍሰ ጡርም እንዲሁ፣ የታይሮይድ ዕጢዋ የደከመም እንዲሁ።

◾ ወጌሻውና የሰዓታት ጉዳይ

ሰው ወጌሻ ጋ ለምን ይሄዳል? ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ወጌሻው ይነካል። እጁን ይይዛል፣ «የቱ ጋ?» ይላል፣ ያደምጣል፣ በዚያው ቀን ይጨርሳል። ጤና ተቋሙ የነፈገውን ነገር ወጌሻው ይሰጣል። በዚህ ጉዳይ መወቀስ ያለበት ወጌሻው ብቻ አይደለም።

ይህ እውነት ሌላውን እውነት አይሸፍነውም። የተሰበረ ክንድ በቀርከሃና በጨርቅ ጠብቆ ሲታሰር እብጠቱ መውጫ ያጣል፣ ደም ይቆማል፣ ሥጋው በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። ልጁ ያለቅሳል፤ «ቻለው፣ ሲድን ነው» ይባላል። ጣቶቹ ይቀዘቅዛሉ፣ ይገረጣሉ፣ ኋላም ይጠቁራሉ። ከዚያ ሆስፒታል ሲደርስ የሚቀረው መቁረጥ ነው። የኢትዮጵያ አጥንት ሐኪሞች ይህንን ለዓመታት ደጋግመው ጽፈዋል፤ ከሚቆረጡት ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው። አጥንት ስብራት አልገደለውም ያን እጅ፤ አጥብቆ ማሰሩ ነው።

ከታሰረ በኋላ እየባሰ የሚሄድ ህመም «ሲድን» አይደለም። ጣት ሲንቀሳቀስ የሚያስጮህ፣ የደነዘዘ፣ የገረጣ እጅ በዚያው ሰዓት መፈታትና ሆስፒታል መድረስ አለበት። ይህንን ማንኛዋም እናት ልታውቀው የምትችለው ነገር ነው፤ የነገራት ካለ።

ሰዓት የማይሰጥ ሌላም ህመም አለ። ከደረት መጨናነቅ፣ ከላብ፣ ከትንፋሽ ማጠር ጋር ወደ ግራ ክንድ የሚወርድ ህመም ከልብ ሊሆን ይችላል። በሴቶችና በስኳር ታማሚዎች ላይ የደረቱ ህመም ደብዛዛ ሊሆን ስለሚችል ክንዱና መንጋጋው ብቻቸውን ይናገራሉ። «ጎኔን ተኝቼበት ነው» ብሎ በቅባት ሲታሽ ያደረ ሰው ጠዋት ላይነሣ ይችላል።

◾ ስሙ የጠቀመው ለማን ነው?

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው። «ነርቭ»፣ «ብርድ» እና «ሪህ» የሚባሉት ቃላት አንድ የጋራ ጸባይ አላቸው፤ ተጠያቂ የላቸውም። ብርድን ማን ይከስሳል? «ሥራሽ ነው» ሲባል ግን ወዲያው ሌላ ሰው ወደ ክፍሉ ይገባል፤ አሠሪው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን ከሥራ ላይ አደጋ ጋር እኩል የሥራ ጉዳት አድርጎ ይቆጥራል። የሕክምና ወጪውንም አሠሪው ላይ ይጥላል። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባሻሻለው የሥራ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ካርፓል ተነል በስሙ ተጠቅሶ ይገኛል፤ ኃይል የሚጠይቅና የሚደጋገም ሥራ፣ ንዝረትና የአንጓ መጣመም ምክንያቱ ሲሆኑ። ሕጉ አለ። ሕጉን የሚቀሰቅሰው ግን በታማሚዋ ካርድ ላይ የሚጻፍ አንድ መስመር ነው፤ ሥራዋ፣ ሰዓቷ፣ የእንቅስቃሴዋ ዓይነት። ያ መስመር ባዶ ሲቀር አዋጁም አብሮ ይተኛል። ጣቷ የተቆረጠች ሠራተኛ ደም አላትና ምስክር አላት፤ ነርቧ በሁለት ዓመት የታነቀች ሠራተኛ ያላት «ሰነፈች» የሚል ሐሜት ብቻ ነው።

ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 ባሳተመው የሠራተኞች በሽታ መጽሐፍ፣ ሐኪም ታማሚውን ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ላይ «ሥራህ ምንድን ነው?» የሚል እንዲጨመር መከረ። ሦስት መቶ ዓመት አልፏል። በብዙ ካርዶች ላይ «ሥራ» የሚለው ቦታ ዛሬም ባዶ ነው፣ ወይም «የግል» ተብሎ ይታለፋል። «የግል» ማለት ምን ማለት ነው? ኮብልስቶን ሲጠርብ የሚውለውም የግል ነው፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያዘውም የግል ነው።

አንድ ነገር በሐቀኝነት መባል አለበት። የእጅ ህመም ሁሉ ከሥራ አይመጣም። ዕድሜ፣ ውፍረት፣ እርግዝና፣ ስኳርና የሰውነት አፈጣጠር ድርሻ አላቸው። ተራ የኮምፒውተር ጽሕፈት ካርፓል ተነል ያመጣል የሚለው ማስረጃ እንኳ ደካማ ነው፤ ጠንካራው ማስረጃ ያለው በኃይል በሚደጋገምና በሚንቀጠቀጥ ሥራ ላይ ነው። በዚህች አገር ስለ እጅ ህመም ሲወራ ግን የሚወራው ስለ ኮምፒውተርና ስለ ስልክ ነው። ለቢሮው ሰው ልዩ ማውዝ ይገዛለታል፤ መዶሻ የያዘው ልጅ «ጎረምሳ ነው፣ ይችለዋል» ይባላል።

◾ «ሐኪሙ ምን ያድርግ?»

ክርክሩ የታወቀ ነው። አንድ ሐኪም በቀን ስፍር ቁጥር የሌለው ሰው ያያል፤ ደመወዙ የቤት ኪራይ አይሸፍንም፤ ጓንት እንኳ በወረፋ ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው፣ መባልም አለበት። ነገር ግን ሥራ የበዛበት ሐኪም ያችኑ ሴት በዓመት አምስት ጊዜ ለሦስት ሦስት ደቂቃ ከማየት አንድ ጊዜ ለስምንት ደቂቃ ቢያያት ለራሱም ይተርፈዋል። ሳትድን የተሸኘች ታማሚ ተመልሳ ወረፋ ናት።

ጥፋቱ የአንድ ግለሰብ ሐኪም አይደለም። የህመም ማስታገሻ ፍጆታ እየተቆጠረ የሥራ በሽታ የማይቆጠርበት አሠራር ነው። የፋብሪካ ክሊኒክ በአሠሪው ደመወዝ እየተዳደረ ከአሠሪው ነፃ የሆነ ማስረጃ ይጽፋል ብሎ የሚጠብቅ አሠራር ነው። የሥራ ተቆጣጣሪ የእሳት ማጥፊያ ቀን አልፎበት እንደሆነ አይቶ የሠራተኛዋን አንጓ ሳያይ የሚወጣበት አሠራር ነው።

የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። በየጤና ጣቢያው ካርድ ላይ ሥራ በዝርዝር ይጻፍ። የእጅ ህመም ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ እጁ፣ ክርኑና አንገቱ ሳይነካ መርፌ አይታዘዝለት። የጤና ሚኒስቴርና የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የሥራ ላይ የእጅ ጉዳትን በአንድ መዝገብ ይቁጠሩ። የሠራተኛ ማኅበራት ስለ ደመወዝ ሲደራደሩ ስለ እረፍት ደቂቃና ስለ ሥራ ቦታ ቅያሬም ይደራደሩ። ወጌሻዎች ከሚሰደቡ ይሠልጥኑ፤ የትኛውን እጅ መንካት እንደሌለባቸው ይወቁ።

ታማሚም ድርሻ አለው። ከባለሙያ ፊት ሲቀርብ «እጄን ያመኛል» ብሎ አያቁም። የትኛው ጣት፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ሲሠራ፣ ምን ሲያደርግ እንደሚሻለው ይናገር። «ነርቭ ነው» ሲባል ደግሞ በትሕትና አንድ ጥያቄ ይመልስ፦ «የትኛው ነርቭ፣ የት ላይ፣ በምን ምክንያት?» ይህ ድፍረት አይደለም። ለመኪናው የሚጠይቀውን ለእጁ መጠየቁ ነው።

ልብስ ሰፊዋ ዛሬም ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እጇን እያራገፈች ነው። ከማራገፏ የተነሣ ብቻ በሽታዋን ማወቅ ይቻል ነበር። ማንም አልጠየቃትም።